መስታወቱ ላይ ላለችው ሴት የሚሆን ኮሌታ

የካቲት 9 ቀን
ከፀጉር ቤቱ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ ለሚጢጢ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ሥራው፣ ብርዱ፣ እጮኛሽ፣ ሁሉም ሰላም ነው ወይ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ቶሎ ብለሽ አትመኚኝ፤ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩን ሳነሳ እናትሽ አጠገቤ ናት፤ የማወራውን ሁሉ ትሰማለች። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጥቼም ሞክሬ ነበር። ስለ አየሩ ሁኔታ አውርቼሽ ዘጋሁት። መቀስ ካልያዝኩ ወሬ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ።

ከደብዳቤው ጋር በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ኮሌታሽ ነው። እባክሽ መጀመሪያ ይህን አንብበሽ ጨርሺና ከዚያ ትከፍቺዋለሽ።

“ቀሚሴ ምንም ጌጥ የለውም፤ አንገቴ ላይ የእማዬ ዳንቴል ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ” ያልሽ ቀን፣ ስልኩን እንደዘጋሁ ነገርኳት። ደስታዋን ብታዪ! ክሩን ራሷ ሄዳ መረጠች። ነጩን ትታ ወተት የሚመስለውን ያዘች፣ ነጭ ሲታጠብ ይወይባል ብላ። ያችን እጀታዋ ላይ ፕላስተር የጠቀለልኩላትን የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ከመሳቢያ አውጥታ በማግስቱ ጀመረች።

አሁን አሁን ወደ ፀጉር ቤቱ ይዣት ነው የምመጣው። ቤት ብቻዋን ስትሆን ቧንቧ ከፍታ ትረሳለች፤ አንድ ቀን ምንጣፉ ሁሉ በውሃ ርሶ አገኘሁት። እዚህ መስኮቱ ሥር፣ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ብርሃኑ ጥሩ ነው። ደንበኞቼም ለምደዋታል። ጢሙን ሊያስተካክል የሚመጣው ጡረተኛው መምህር “እዚህ ቤት የሚቆረጠው ፀጉር ነው ክር?” ብሎ ቢቀልድባት፣ ቀና ብላ ራሱን አየችና “ለአንተማ ምን ቀርቶ ይቆረጥልሃል” አለችው። ሰውዬው መላጣውን እያሻሸ ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ ላይ ምንም አልሆነችም፤ እኔንም ለብዙ ጊዜ ያታለለኝ ይኸው ነው።

እጇም ቢሆን አልረሳም ነበር። መጀመሪያ የአንገቱን ሰንሰለት ጎነጎነች፤ ከዚያ ማራገቢያ የሚመስሉትን አበባዎች ደረደረች፤ ጫፉን ጥርስ ጥርስ አደረገችው። የተረፈውን የክር ጭራ እንደ ልማዷ ከቀኝ በኩል ሦስተኛው ማራገቢያ ሥር ደበቀችና ጨረሰች። አንስታ ወደ ብርሃኑ ስትይዘው ክው አልኩ።

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የሰው አንገት ላይ ጨርቅ ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንገት በዓይኔ ነው የምለካው። ያ የሙሽራ አንገት አልነበረም። መስታወቱ ውስጥ ፊቱ እንዲታይ ወንበሩ ላይ ጣውላ የሚጋደምለት ሕፃን አንገት ነበር። አንቺን አስቀምጥበት የነበረው ጣውላ እስከ ዛሬ ጥግ ላይ ቆሟል።

“የጠበበ መሰለኝ” አልኳት፣ ነገሩን እንደ ቀላል ለማድረግ።

“ምኑ ነው የሚጠበው? አንገቷ እኮ ይህችን ታክላለች!” ብላ የገዛ እጇን አንጓ ጨብጣ አሳየችኝ። “ጠዋት ጠዋት የማለብሳት እኔ ነኝ። አንተ መች ታውቃለህ?”

“ለሠርጓ እኮ ነው የምትሠሪላት።”

“የማን ሠርግ?”

ፎቶሽ መስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ያ ፀጉርሽን አሳጥረሽ የተነሳሽው። አውጥቼ ሰጠኋት። መነፅሯን በቀሚሷ ጠረገችና ብዙ አየችሽ።

“ቆንጆ ሴት ናት” አለች። “ደንበኛህ ናት?”

“አዎ። ልታገባ ነው፤ ኮሌታ ትፈልጋለች።”

“ታዲያ እናቷ ትሥራላት! እኔ የራሴን ልጅ አልብሼ አልጨረስኩ።”

ባለፈው በስልክ “እርስዎ ማን ነዎት?” ስትልሽ፣ “ምነው እማዬ፣ ዛሬስ አከበርሽኝ!” ብለሽ ስቀሻል። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ቀልዷን አልነበረም ልጄ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለኝ፤ የቅርቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ የድሮው ይቆያል አለ። ለእናትሽ የቆየችላት ትምህርት ቤት የምትሄደዋ ትንሿ ሚጢጢ ናት። ትልቋ አንቺ ሄደሻል።

ሠርጉ እየቀረበ ሄደ። ፎቶውን ባሳየኋት ቁጥር መልሷ “እናቷስ?” ብቻ ሆነ። ቢጨንቀኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ፣ አንቺ ሥሪልኝና እናቷ ናት የሠራችው እላለሁ ብዬ ለመንኳት። መቀሷን አስቀምጣ ገላመጠችኝ። “እኔ ዳንቴል አልችልም፤ ብችልም አልሠራውም። ልጅ የእናቷን እጅ አታውቅም ብለህ ነው?” አለችኝ። አፍሬ ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት የመምህሩን ጢም ጨርሼ ሳጥብ፣ እናትሽ ከመስኮቱ ሥር ድንገት “ያቺ መስታወቱ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ እናቷ ሠራችላት?” አለች።

እንዴት አፌ ላይ እንደመጣ አላውቅም። “እናት የላትም” አልኳት።

ከወንበሯ ብድግ አለች።

“ምስኪን!” አለች። “ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልክ? አንተ ሰውዬ አንጀት የለህም? በሠርጓ ቀን ባዶ አንገቷን ትሂድ? በል የአንገቷን ልክ አምጣ።”

እሷ ክር ስትፈልግ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወት ያለችውን እናትሽን በገዛ አፌ የቀበርኳት መሰለኝ። ደግሞ ሌላ ምን ልል እችል ነበር? ብትቆጪኝ አይከፋኝም።

ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ የፀጉር መቁረጫው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ አንገቷ ከአንቺ አንገት ጋር አንድ ነው። ክሩ በነካት ቁጥር እየኮረኮራት ትንፈራገጣለች። እናትሽ “ዝም በይ፣ ለሙሽራ ነው!” እያለች ትቆጣታለች። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ጨርቁን ላራግፍ ብዬ በር ላይ ወጣሁና፣ አንድም ፀጉር የሌለበትን ጨርቅ ሳራግፍ ቆየሁ። እንባዬ አላቆም አለኝ፤ አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለ እንጃ።

ይህን ኮሌታ ከትንሹ አብልጣ ተጨነቀችበት። አንዷ ማራገቢያ ትንሽ ብትዘም መሥመሩን በሙሉ ፈታችው። ማን ያየዋል ተዪው ብላት፣ “እናት ቢኖራት ከሥር ከሥር ታርምላት ነበር። ይህችን ማን ያርምላታል?” አለችኝ። ስትጨርስ በብርድ ውሃ አጥባ፣ ፎጣ ላይ ዘርግታ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በስፒል ወጥራ አደረቀችው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጀምር ብላ ነበር። ኪሮሹን በግልባጩ ያዘችው። የመጀመሪያዋን ሰንሰለት ሞከረች፣ ሞከረችና ክሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አየቻቸው። እኔ ያላየሁ መስዬ መስታወት ወለወልኩ። እና ልጄ፣ ከእንግዲህ ሌላ አይኖርም። እጅሽ ላይ ያለው የመጨረሻው ነው።

ትንሹን ኮሌታ ልልክልሽ አልቻልኩም። በሩ አጠገብ፣ የደንበኞች ኮት የሚሰቀልበት ላይ ተሰቅሏል። ከሰዓት ተማሪዎች ሲለቀቁ አውርዳ ትይዘውና በር ላይ ትቆማለች። ልጆቹ ሁሉ አልፈው መንገዱ ጭር ሲል “ዛሬስ ቆየች” ትለኛለች። “ትመጣለች” እላታለሁ። ታምነኛለች፤ መልሳ ትሰቅለዋለች።

ሠርግሽን በደስታ አሳልፊ። ለቅሶ ይዘሽ እንዳትገቢበት አደራ። ከዚያ ግን አትቆዪ፣ ነዪልኝ። ስትመጪ እማዬ ብለሽ እንዳትጠመጠሚባት፤ ትደነግጣለች። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግቢና አጠገቧ ተቀመጪ። ኮሌታውን አድርጊው። ሦስተኛውን ማራገቢያ ገልበጥ አድርጋ የክሩን ጭራ ትፈልግ ይሆናል፤ የእጇን ሥራ ታውቅ ይሆናል። አንቺን ታውቅሻለች ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። እኔ ግን አውቅሻለሁ፤ ለጊዜው በእኔ ተጽናኚ።

ትዳርሽ የሰመረ፣ ቤትሽ የሞቀ ይሁንልሽ። ባልሽን አክብሪው፤ ካስቸገረሽ ግን ምላጬን ይዤ እመጣለሁ በዪው።

ልዘጋው ስል እናትሽ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ለሴትዮዋ ነው፣ ኮሌታውን ልልክላት ነው አልኳት። ስስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ኮሌታውን ራሷ ጠቀለለችልሽ። “እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ” አለች። “አንገትሽ ላይ ያደረግሽው ቀን፣ እናት የለኝም እንዳትዪ። እኔ አለሁልሽ።”

እነግራታለሁ አልኳት። ይኸው ነገርኩሽ።

አባትሽ