ጨዋነት ጎድሎታል ስለተባለው ዳሌ

ለተከበሩ የጤናና የአካል ብቃት ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ከዚያ ሰፊ ወንበርዎ ላይ ያለ ሰው ድጋፍ የሚያስነሣዎት ዳሌዎም ደኅና እንደሆነ አምናለሁ፤ ደኅንነቱንም ከልብ እመኝልዎታለሁ፤ ሲታጣ ምን እንደሚመስል በቤቴ አይቻለሁና።

እኔ አናጢ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅነት የሠራች ነርስ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ወገቧ ስላስቸገራት ዮጋ ልትማር ወደ ማዕከልዎ መጣች። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ምንጣፏን ጠቅልላ፣ በብብቷ ሸጉጣ፣ እንደ ተማሪ ልጅ እየተቻኮለች ትወጣ ነበር። እኔም «ዕድሜሽን ሙሉ ቀጥ ብለሽ ኖረሽ አሁን ልትተጣጠፊ ነው?» እያልሁ እቀልድባት ነበር። ዛሬ ያ ቀልድ ይቆጨኛል። ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ አሠልጣኝዎ ብርታት አመሰግናለሁ። የእግር መዳፎች ተገጥመው ጉልበቶች ወደ ጎን በሚከፈቱበት አቀማመጥ የባለቤቴ ጉልበቶች ወለሉን አልነካ አሉ። እሷም በትሕትና «ልጄ፣ ያቆመኝ ጡንቻ አይደለም፤ አጥንት ነው» አለችው። እሱም «እናቴ፣ ፍርሃት ነው፤ ዳሌዎን ይልቀቁት» ብሎ ከኋላዋ ተንበረከከና ሁለቱንም ጉልበቶቿን ቁልቁል ተጫናቸው። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች የአጥንቱን ድምፅ ሰምተውታል። ራጅ ስትነሣ የዳሌዋ መገጣጠሚያ ጠርዝ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ሁለተኛ፣ ለአቤቱታችን ስለሰጡት ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። «ጉዳቱ የደረሰው በሠልጣኟ ግትርነት መሆኑ ተረጋግጧል» የሚለውን ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ግትር የተባለው ገላዋ ይሁን ጠባይዋ ስላልገባን ሁለታችንም ሣቅን። ስትሥቅ አመማት፤ ስለዚህ መሣቁን ተውነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። ባለቤቴ በአሠልጣኙ አልተቆጣችም። «ማንም አላስተማረውም እኮ፤ በምን ይወቀው?» አለች። ወረቀትና እርሳስ ጠየቀችኝ። እኔም በጀርባዋ ተኝታ እንድትጽፍበት ቀላል ጣውላ ልጌ ሰጠኋት። በዘጠኝ ቀን ስድስት ገጽ ጻፈች፤ ርእሱም «የዳሌ አሠራርና እንቅስቃሴ፣ ለዮጋ አስተማሪዎች» የሚል ነበር። እየጻፈች ለእኔም ታስረዳኝ ነበር። የጭን አጥንት ክብ ራስ ዳሌ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ጎድጓዳው ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአንዱ ጥልቅ ነው፣ የሌላው ጠለቅ ያላለ፤ የአንዱ ወደ ፊት ያያል፣ የሌላው ወደ ጎን። ጡንቻ ሲያቆመን መወጠር ይሰማናል፤ ይህ በትዕግሥት ይላላል። አጥንት ከአጥንት ሲጋጠም ግን ብሽሽት ላይ ቁንጥጥ ያደርጋል፤ እዚያ መቆም ነው። «አንተ በር ስትከፍት ማጠፊያው በቃ ካለ በሩን ትገፋዋለህ?» አለችኝ። «አልገፋም፤ ይገነጠላላ» አልኋት። «በል ይኸው፣ ገባህ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእጆቿ ዳሌ ስትመረምር ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘችም።

ለማዕከልዎ ብንልከው፣ እርስዎም ስድስቱን ገጽ «ስለ ሴት ገላ ጨዋነት የጎደላቸው ቃላት የያዘ ሆኖ ስለተገኘ ተመላሽ ተደርጓል» ብለው ማኅተም አድርገው መለሱልን። እሷም አንብባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያም «ዳሌ ብሎ መጻፍ ነውር ከሆነ፣ እዚያ ዘጠኝ ወር ያላደረ ሰው ማነው?» አለች።

በአራተኛው ቀን ሻይ ላፈላ ወጣሁ። ስመለስ አልጠበቀችኝም። ከመተኛት ብዛት እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባዋን ዘጋው አሉኝ። ሁለቱን ብርጭቆ ይዤ ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ቁጥሬም እዚህ ላይ ጠፋብኝ፤ ስንተኛ ላይ ነበርሁ?

አሠልጣኙ ሊያጽናናኝ መጥቶ የሥራ ቦታዬ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ መዶሻውን አነሣሁ፤ አልክድዎትም። ከዚያ አስቀመጥሁትና ስድስቱን ገጽ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አነበበው። «አባባ፣ ይህን ባውቅ ኖሮ» አለ። ሰኞ ለሠልጣኞቹ ሲያነብላቸው እርስዎ «ያልተፈቀደ ጽሑፍ አሰራጨ» ብለው ከሥራ እንዳባረሩት ሰማሁ። አሠልጣኙ ሰው ሲሰብር በሥራው ጸንቶ፣ ሲማር የተባረረበት ማዕከል መምራት ቀላል ብልሃት አይደለምና አደንቅዎታለሁ።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ስጎነበስም ወገቤን ሳላጎብጥ ከዳሌዬ ታጥፌ፣ ባለቤቴ እንዳስተማረችኝ፣

የአዋላጇ ባል፣ አናጢው

በድጋሚ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ በባለቤቴ ስም ደብዳቤ ደረሰኝ። ያለ ፈቃድ ሦስት ወር ስለቀረች ቦታዋ ለሌላ ሠልጣኝ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ይስጡት፤ ቅር አይለኝም። ብቻ የምትተካት ሴት «እዚህ ጋ ያመኛል» ስትል፣ እባክዎን፣ አንድ የሚያምናት ሰው ይመድቡላት።