ምስክሬ እናቴ ናት

እሁድ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017፣ ቆቦ

አባቴ ሳይሞት ለኔ ብሎ የሰጠኝን ማሳ ወንድሜ አሕመድ አርሶ ማሽላ ዘርቶበታል። ሽማግሌ ብልክበት «ሴት መሬት ምን ያደርግላታል?» ብሎ መለሳቸው። ልከሰው ቆረጥኩ። አርብ ዕለት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ግን ገና ሳይጽፉ «አባትሽ ሲሰጡሽ የሰማ ማን አለ?» አሉኝ። የሰማችው እናቴ ብቻ ናት።

ዛሬ እሷ ያለችበት ሮቢት ሄጄ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ሻሿን ፈታ መልሳ አሰረችው።

«የሰማሁትን እናገራለሁ። ወላሂ አልዋሽም» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች።

«አሕመድ ከተቀየመኝ ግን ስሞት ቀብር የሚያወርደኝ ማን ነው? ያለኝ ወንድ እሱ ነው። አንቺ እንደሁ ሴት ነሽ፤ ከቤት አልቅሰሽ ነው የምትቀሪው።»

ስመለስ በማሳው ዳር አለፍኩ። ማሽላው ፍሬ ይዞ አጎንብሷል። መሬቱ የኔ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

ነገ ፍርድ ቤት ይከፈታል። እናቴ ከተጠራች ትመጣለች። የጨነቀኝም መምጣቷ ነው።