ሟች ያልነበረው ጡሩምባ

ማክሰኞ

እኔ አይደለሁም። ማንም ባያነበውም እዚህ ይጻፍልኝ፤ ይሄኛው እኔ አይደለሁም።

ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ተነፋ። እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ፣ ጡሩምባ ሲነፋ የእድር ሰው ሞቷል ማለት ነው። ነፊው ኦቦ ደበላ ደጋግመው ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት በኦሮምኛም በአማርኛም ይለፍፋሉ። ዛሬ ጡሩምባው ብቻ። ስም የለ፣ ሰዓት የለ። ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ተያየ። የሚለቀስለት ጠፋ! አንዷ፣ እትዬ በላይነሽ ታመው አልነበር እንዴ አለች። በቃ፣ ሰፈሩ እየጮኸ ወደ እሳቸው በር።

እትዬ በላይነሽ ጋቢያቸውን ደርበው በሩን ከፍተው ወጡ። የራሳቸውን ለቅሶ ትንሽ ቆመው አዩ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ደግሞ ዘፍ አሉ። ደም ግፊት ነው፤ ሐኪም ቤት ተኝተዋል።

ሳቄን ሁሉም ሰምቶታል። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት አላቸው። ባለፈው የሰፈራችን ቡድን በሰፊ ጎል ሲሸነፍ በፕላስቲክ ቱቦ ጡሩምባ ነፍቼ የቡድኑን መርዶ ለፍፌያለሁ። ያን ቀን ግን ሁሉም ስቋል። ከአሰልጣኙ በቀር።

ረቡዕ

አሰልጣኙ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። የእድሩ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። እድሌ እንዲህ ነው።

ቤታችን መጡና ቱቦውን ከአልጋዬ ስር ጎትተው አወጡት። ይሄ ምንድነው አሉ። ቱቦ አልኩ። ምን ያደርጋል? ውሃ ያስተላልፋል። ማዘር በዓይኗ ቆነጠጠችኝ።

ፍርዱ እሁድ ነው። አምኜ ይቅርታ ከጠየቅኩ ቅጣቱ በእኔ ብቻ ያልቃል። ከካድኩ ግን የዋሸው ቤቱ ነው ተብሎ ማዘር ከእድር ትሰረዛለች። እኔ አይደለሁም አልኳቸው። በሕይወቴ እውነት የተናገርኩበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው፣ የሚያምነኝ ጠፋ።

ማዘር ዘመዶቿ ጎጃም ናቸው። እዚህ ያላት እኔና እድሩ ነን። እኔ ደግሞ ብቻዬን ሬሳ አልሸከምም። ይሄን እንደ ቀልድ ነው የጻፍኩት፤ ሳነበው አላሳቀኝም።

ሽኩርም ሰምቷል። ሽኩር የምሠራበት የብየዳ ቤት ባለቤት ነው። ሰሞኑን ወልቂጤ ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ሊሰጠኝ ነበር። እኔ! ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ሞክሬ የተውኩት! ዛሬ ጓንቱን እያወለቀ፣ ቁልፍ ለቀልደኛ አይሰጥም፣ እሁድ ይለይልህ አለኝ።

የምጠረጥራቸው፦ የሚኒባስ ረዳቶቹ (እንቅልፋቸውን አይሰጡም)። የባለሱቁ ልጅ (ትንፋሽ የለውም)። ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው (እኔን ለማስያዝ። ብቻ ደስ ስለሚለኝ ነው የጻፍኩት)።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ ኦቦ ደበላ ጋ ሄድኩ። ጡሩምባውን የወሰደ ሰው ካለ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ እንደ ወትሮው ተወልውሎ።

አካም ኦልተኒ ብዬ ሰላም አልኩና እንደ ልማዴ የከንቲባው ልጅ ነኝ አልኳቸው። ሁልጊዜ፣ ሂድ ውሸታም ብለው ዱላቸውን ያነሳሉ። ዛሬ፣ ቶሎሳ፣ ግባ አሉኝ።

ቶሎሳ አባቴ ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ። በተራቸው ሙድ የያዙብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"ቶሎሳ፣ ሰው ከፋ። ስነቃ ድንቄ ከጎኔ የለችም። ወጥቼ ነፋሁላት። ስሟን ልጠራ ስል ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሕዝቡ ወጣ፣ አየሁት። ወደ በላይነሽ ቤት ሄደ። የእኔን በር ያንኳኳ የለም።"

አዴ ድንቄ ሚስታቸው ናቸው። አምና ክረምት ቀብረናቸዋል። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ጭቃው ጫማዬን አስቀርቶብኛል።

ምን ይባላል? ይመጣሉ ኦቦ፣ ይመጣሉ አልኩ። ቆይተው ቀና ብለው አዩኝና፣ አንተ ዱርዬ መቼ ገባህ ብለው ዱላቸውን አነሱ። በዱላ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ደስ አለኝ።

ዓርብ

ብናገር እኔም ማዘርም ነፃ ነን። ቁልፉም ይመጣል። ጡሩምባው ግን ይወሰዳል። መርቀው፣ አመስግነው፣ ጋቢ አልብሰው ነው የሚወስዱት፤ እሱ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ከዚያ ልጆቹ ይጀምራሉ። በየመንገዱ፣ ኦቦ ዛሬ ማን ሞተ እያሉ። ይሄን ወሬ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ኖሮ ሳምንት ሙሉ ሙድ የምይዝባቸው እኔ ነበርኩ። አውቀዋለሁ፣ ራሴን።

ብናገርስ ማን ያምነኛል? በሽማግሌ አላከከ ይሉኛል።

ለማዘር ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም።

"የእሳቸውን ትንፋሽ የማላውቅ መሰለህ? አባትህን የነፉልኝ እሳቸው ናቸው።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አንተስ ሽኩር ጋ ሄደህ ለምን አልተናገርክም አለችኝ። ምስሩን ለቅማ ስትጨርስ መልሳ ደፋችውና እንደገና መልቀም ጀመረች። ፈርታለች።

ቅዳሜ

እትዬ በላይነሽ ከሐኪም ቤት ወጡ። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እንደ ሙሽራ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ስል ወሬ ጀመሩ። ሳይሞቱ ለቅሷቸውን ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳስመሰለ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሽኩር ከልቡ አልቅሷል። የጋሽ ሙሉጌታ ሚስት ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ እሷንስ ቆሜ እቀብራታለሁ አሉ።

ከዚያ ሳቁን ተዉትና እጄን ያዙ።

"አንተ ከሆንክ ነገ ተነስተህ እኔ ነኝ በል። የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ የምምረውም እኔ ነኝ። ከካድክ ግን ለእናትህም አፌን አልከፍትም።"

ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።

ማታ ለነገው ቃሌ አፌን አሟሸሁ። መስታወት ፊት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ነኝ። ሁለቱም ውሸት ይመስላሉ፤ ፊቴ ነው ችግሩ።

እሁድ

ግቢው ጢም ብሏል። ኦቦ ደበላ ከፊት፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጡሩምባው ጭናቸው ላይ። ጋሽ ሙሉጌታ ተነስ አሉኝ። ማዘር መሬት መሬት ታያለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉም ወዲያው አመነኝ! ለምን ነፋኸው ያለ የለም። ሳምንቱን ሙሉ እውነት ስናገር የት ነበራችሁ?

እትዬ በላይነሽ እንዳሉት ተነሱ፣ ምሬዋለሁ፣ እናቱንም የሚነካት የለም አሉ። ማዘር ትንፋሿን ስትለቅ ከቆምኩበት ሰማኋት። አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ኦቦ ደበላ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

"በሞት አይቀለድም። እኔ በዚህ ጡሩምባ አንድ ቀን ውሸት ነፍቼ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። ለእሳቸው ውሸት አልነበረም። ይቅርታ ኦቦ አልኩ። ስቄ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ሳቅ አልነበረም።

ቅጣቴ፦ ዓመቱን ሙሉ በለቅሶ ቤት ሁሉ ድንኳን መትከል። ጡሩምባውንም ልወልውል፣ ኦቦ ቤት እያደርኩ ልማር ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ሙሉጌታ፣ ጭራሽ ጡሩምባ ብለው ሊያባርሩኝ ነበር። ኦቦ ደበላ፣ ይምጣ፣ ዱላዬ አለ አሉ።

ሽኩር በአጠገቤ አለፈ። ስለ ቁልፉ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይሄን የምጽፈው ኦቦ ደበላ ቤት ነው። ፍራሼን በሩ ስር ዘርግቻለሁ፣ ሳይረግጡኝ መውጣት አይችሉም። ጡሩምባው ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። አፉ ውስጥ አሮጌ ካልሲዬን ወትፌበታለሁ። ሲያገኙት ይገድሉኛል። ግን ሰው የእውነት ቢሞትስ? ላውጣው ወይስ ልተወው ገና አልወሰንኩም።

አሁን ከአልጋቸው ተጣሩ።

"ቶሎሳ፣ በሩን ዘጋኸው?"

ዘግቼዋለሁ አልኩ።