ማር ቆራጩ ያየውን ስለ ተናገረ

ግንቦት 1970 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጓድ ሸዋንግዛው
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
መቱ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ስብሰባ ላይ ሲያስሉ ስለ ሰማሁ ተጨንቄያለሁ፤ ሳሉ ጠንቶ ቀበሌያችንን ያለ ጠባቂ እንዳያስቀርብን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ሥር ጠጅ የምሸጠው ጥሩአየሁ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅ ላስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣሁና ሕዝቡ በነገር ሁሉ ይሳተፍ ብለው ራስዎ ስላዘዙ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። በሚያዝያ ወር የገበያውን ሰው ሁሉ ከየሸቀጡ አስነሥተው፣ አናርኪስትን ብቻችንን አንይዘውም፣ ዓይናችንና ጆሯችን እናንተ ናችሁ፣ ጸጉረ ልውጥ ያየ ይንገረን፣ የነገረንን ማንም አይነካውም ብለው በአማርኛም በኦሮምኛም አስነግረውልናል። እንደዚያ በትሕትና ያነጋገረን ባለሥልጣን ስላልነበረ አመንንዎት። ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ. ከሁሩሙ ማር የሚያመጣልኝ አቶ በዳሳ ጅራታ ከሁላችን ይልቅ አመነዎት። ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍ ላይ ሆኖ ማር ሲቆርጥ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሥሩ ሲያልፉ አየ፤ በማግሥቱም በእግሩ መጥቶ ለአብዮት ጥበቃ ጓዶች ነገራቸው። ጓዶቹም አመስግነው እንዲቀመጥ ጋበዙት። ይኸው እስከ ዛሬ እንዳስቀመጡት ነው።

፪ኛ. ጥፋቱ ጭስ ነው ተባልን። ዛፍ ላይ ያጨሰው ለወንበዴዎቹ ምልክት ሊሰጥ ነው አሉ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ በዚህ አገር ንቡን ሳያጨስ ቀፎ የሚከፍት ሰው ከተገኘ እባክዎ እሱን ይመርምሩልን፣ ጤነኛ አይደለምና። ጥበቃዎችዎ የቡሬና የኖፓ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ማር ሲቆርጡ ጭሱን እያቀበሉ ነው ያደጉት። እርስዎም አምና ለፋሲካ በጓሮ በር ከእኔ ቤት ያስወሰዱት ማር ከዚያው ዛፍ የወረደ ነው። ያን ጊዜ ጭሱ አልሸተተዎትም።

፫ኛ. የሚስቱ የጃለኔ ነገር ነው። ከሁሩሙ ስንቅ ተሸክማ ስትመላለስ ጥበቃዎቹ ይቀበሏት ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ሳይከፍቱ መለሱላት፤ ከእንግዲህ አያስፈልገውም አሏት። ለምን እንደማያስፈልገው የነገራት የለም። ይህን ስጽፍ አገልግሉን አቅፋ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ላይ ማሾፍ አልችልም። በዳሳ በሕይወት አለ ወይ? ካለ ይፍቱት፤ ከሌለ ሬሳውን ይስጧት።

፬ኛ. ከዚያ ወዲህ በቀበሌያችን ጸጉረ ልውጥ ያየ አንድም ሰው የለም። ለሪፖርትዎ ጥሩ ዜና ነው።

ስላስተማሩን ትምህርት ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎም ለጥበቃዎችዎም ረጅም ዕድሜና ቀላል እንቅልፍ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ጥሩአየሁ ገብረ ሥላሴ
(አድራሻዬን ጓዶቹ ስለሚያውቁት አልጻፍኩም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት ጀምሮ የማይታወቁ ሰዎች በቤትዎ ጓሮ አጥር በኩል ይመላለሳሉ ይባላል። መንደሩ ሁሉ አይቷቸዋል፤ ምን እንደያዙም አይቷል። እኔ አይቻለሁ ማለቴ አይደለም። ያየውን መጥቶ የሚነግርዎት ሰው ከፈለጉ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው እናንተ ዘንድ ነው።