ሦስተኛው ብሎን

ቅዳሜ ጳጉሜን 2 ቀን 1988 ዓ.ም.
ቡርጅ ኤል ባራጅነህ፣ ቤይሩት

ለተወደድሽውና ለአስቸጋሪዋ የእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ ደህና ናት? ጉልበቷን ያማታል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አሁን ተሻላት ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ እኔን እየረገመች ነው? በልጅነታችን ከዛፍ ላይ የጣልኳት እኔ ስለሆንኩ እርግማኑን ተቀብያለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጥርሴ ሁሉ በቦታው አለ፤ ፀጉሬን ግን አትጠይቂኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ነው፤ አንዱ ሰላምታ፣ ሁለቱ «ለምን አታገባም» የሚል ክስ። ልጄ፣ የጽሕፈት ሥራ ተምረሽ ጊዜሽን አባከንሽ፤ ዐቃቤ ሕግ መሆን ነበረብሽ። ክሱን ለጊዜው ልለፈውና ሰሞኑን አላስተኛ ስላለኝ አንድ ብሎን ላጫውትሽ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ሴት ሸዋረገድ ትባላለች። እኔ ከምሠራበት ጋራዥ ፊት ለፊት፣ አቡ ረሺድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ሽማግሌ ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። አገር ቤት ሕይወት የምትባል ልጅ አለቻት። ትታት ስትመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሰባት ሆኗት አንደኛ ክፍል ልትገባ ተመዝግባለች። «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው፤ እናቷን በስልክ ስታገኛት «የቤይሩቷ» ትላታለች አሉ። ሸዋረገድ ይህን እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። አሳሳቋን ግን አልወደውም። ታዲያ ለአዲስ ዓመት ደርሳ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጇን እጇን ይዛ ልታደርሳት ከፋሲካ ጀምሮ ማዳሟን፣ የአቡ ረሺድን ሚስት፣ ስትለማመጥ ከርማ በመጨረሻ ተፈቀደላት። አውሮፕላኑ ነገ እሑድ አመሻሽ ላይ ነው።

ችግሩ ፓስፖርቱ ነው። ማዳሟ ሙቀቱን ሽሽት ተራራ ላይ ወዳለው ቤታቸው ስትወጣ፣ ፓስፖርቱንም ከወርቋ ጋር ይዛው ሄዳለች። በስልክ የተናገረችው ቁርጥ ያለ ነው፦ አቡ ረሺድ ራሱ ይዟት ይምጣ፣ ስሜያት ልሰናበታት፣ ፓስፖርቷንም በእጇ ልስጣት፤ ለሹፌር አልሰጥም። አቡ ረሺድ ደግሞ በሰው መኪና ተራራ ከወጡ ያስታውካቸዋል። ከራሳቸው መርሴዲስ በቀር አይሳፈሩም። መርሴዲሷ በዕድሜ ትበልጥሻለች። የቤይሩቱን ጦርነት ሁሉ አብራቸው አሳልፋለች። ጸባይዋ ግን ካንቺ አይብስም።

ሐሙስ ጠዋት ለመንገዱ ትሞከር ብለው አስነሷት። ከሰፈር ሳትወጣ ፈላች። አቡ ረሺድ ኮፍያቸውን አውልቀው ሞተሩን እያራገቡ፣ እኛ ከኋላ እየገፋን ጋራዥ አስገባናት። የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቴርሞስታት የሚሉት ትንሽ ዕቃ አለ፤ እሱ እንደተዘጋ ቀርቷል። መለወጡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ክዳኑን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው እንቢ አለ።

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለብኝ፤ ለእናትሽ እንዳታነቢላት። ያንን ብሎን አምና ያጠበቅሁት እኔው ነኝ። ያን ዕለት ሸዋረገድ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ታራግፍ ነበር። ዓይኔ እላይ በረንዳው፣ እጄ እታች ብሎኑ ላይ። ብሎኑ በቃኝ ብሏል፤ እኔ አሁንም እጠመዝዘዋለሁ። መፍቻው ሙልጭ ሲል ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። ጎንበስ ብዬ ባየው የብሎኑ ጭንቅላት ማዕዘኑ ሁሉ ተልጦ እንደ ሽምብራ ክብ ሆኗል። ውሃ እስካላንጠባጠበ ምን አገባኝ ብዬ ሞተሩን ከደንኩት። የባሕሩ አየርም ዓመቱን ሙሉ ሲያዝገው ከረመ። ከአሰብ በመርከብ መጥቼ፣ ወደቡ ላይ ዕቃ እያወረድኩ፣ ሞተር በዓይኔ አይቼ ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ እያልኩ የምጎርርብሽ አጎትሽ ይኸው ነው። ራስን ማስተማር እንዲህ ነው፤ ሥራ ላይ ሆነህ ሰገነት አትመልከት የሚል መምህር የለም።

ሐሙስን ሙሉ ታገልኩት። ጠበብ ያለ መፍቻ በመዶሻ መትቼ አጠለቅሁበት፤ ተንሸራትቶ የእጄን ቆዳ ገሸለጠው። ናፍጣ አጠጥቼው አደርኩ። ዓርብ ጠዋት ሁለት ጎኑን በሞረድ ከረከምኩትና መፍቻው በደንብ ነከሰው። ግን አይነቃነቅም።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ብሎኑ ቴስታታ በሚሉት የሞተሩ ራስ ውስጥ ቢሰበር፣ ስብርባሪውን በትራፓኖ መሰርሰሪያ በስቶ ማውጣትና ጥርሱን እንደ አዲስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። አውሮፕላኑ ይሄዳል። ማዳሟ ደግሞ ቀኑ አንዴ ካለፈ «ኸላስ፣ በቃ፣ ከበዓሉ በኋላ» የምትል ሴት ናት፤ የትኛው በዓል እንደሆነ አትናገርም። ዓርብ ረፋድ ላይ መፍቻው ጫፍ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ቆምኩ። አንዴ በደንብ ብስበው ይሰበራል። ማንም አይጠይቀኝም። ዝገት ነው እላለሁ፤ አቡ ረሺድም ያኒ፣ እንግዲህ የአላህ ሥራ ነው ብለው ያጽናኑኛል። በረንዳውም ለጊዜው ባዶ አይሆንም። ቧንቧውን ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥለኝ ትዝ ይለኛል።

በዚህ መሀል ሸዋረገድ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ዓርብ ስለሆነ ምጀደራ ነው፤ ምስርና ሩዝ በሽንኩርት። እኔም እንደ ልማዴ ላበሽቃት ብዬ፣ ብሎኑ ወዶሻል መሰለኝ፣ ካልቀረች አልወጣም ብሏል አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብሎኑስ ካንተ ይሻላል ዓይነት መልስ አታጣም። ያን ዕለት አልሳቀችም። ሳህኑን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችና ሞተሩን እያየች፣

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ካልሄድኩ ልጄ አታውቀኝም» አለችኝ።

ቧንቧውን ነቅዬ ጥግ ላይ ወረወርኩት። አቡ ረሺድ ድምፁን ሰምተው፣ ምን ሰበርክ እያሉ እየተጣደፉ መጡ። ምንም አልሰበርኩም፣ ሻማ ብቻ አምጡልኝ አልኳቸው። ሽማግሌው መርሴዲሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ማዓለም፣ ልትቀብራት ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እዚህ የእጅ ሥራ የሚያውቅን ሰው ማዓለም ይሉታል፤ አንቺም ብትለማመጂው አይከፋም። ቤታቸው ሻማ አልነበረም፤ ሚያዝያ ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ነድዶ አልቋል። ሱቅ ሰው እስኪላክ ሸዋረገድ ሮጣ ገብታ፣ በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ ይዛ መጣች። ከአገር ስትወጣ ያመጣችው ነው። በሰላም ከተመለስኩ ሰፈሬ ማርያም አበራዋለሁ ብላ አምስት ዓመት ሻንጣዋ ውስጥ አኑራዋለች። ይህ ለብሎን አይሆንም፣ መልሺው አልኳት። እሷ ግን ፊቴ ላይ ለሁለት ሰበረችው። ግማሹን ሰጠችኝ፤ ግማሹን መልሳ ጠቀለለች። እመቤቴ የቱን እንደምትፈልግ ታውቃለች አለች፤ እኔም መካኒክነት እንዳላት አላውቅም ነበር ብዬ አንድ ኩርኩም ቀመስኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። የብሎኑን ዙሪያ በጋዝ እሳት ታሞቂያለሽ፤ አይቀላም፣ ይሞቃል ብቻ። ከዚያ ሰሙን ታስነኪዋለሽ። ሰሙ ቀልጦ ናፍጣ ሊገባበት ያልቻለውን ስንጥቅ ይዞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሲበርድ ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀስ እያልሽ ትኮረኩሚዋለሽ። እንደገና ማሞቅ፣ እንደገና ሰም። ዓርብን ከሰዓት በኋላ ሙሉ በዚህ ዋልን፤ እኔ እሳቱን፣ እሷ ጧፉን ይዛ። ስለ ሕይወት ስትነግረኝ ዋለች። ግራኝ እንደሆነች፣ ወተት እንደምትጠላ፣ በፎቶግራፍ አፏን ከፍታ እንደማታውቅ፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳይሆን አይቀርም ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሰም አጠጣሁትና መፍቻውን ያዝኩ። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ነካ አደረግኩት። ሸዋረገድ ደንግጣ ልታወጣው አይደል እንዴ አለች፤ የተጣበቀ ነገር ከያዘበት የሚለቀው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ሲገፉት ነው ብዬ አስረዳኋት። ወደ ውስጥ በፀጉር ያህል፣ ወደ ውጭ በፀጉር ያህል። አንድ ጊዜ ቂው አለ። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ በመጨረሻ በጣቶቼ አዙሬ አወጣሁትና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ገና ትኩስ ነበር። አልጣለችውም።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «አንተ ሰውዬ።» ጋሼ ማለቱን ረሳችው። እኔም አላስታወስኳትም።

አሁን ከሰዓት ነው። መርሴዲሷ በር ላይ ቆማ እያጉረመረመች ነው፤ የሙቀት መለኪያው መሀል ላይ ቆሟል። አቡ ረሺድ ያላ፣ ነገ በጠዋት እያሉ መስታወቱን ይወለውላሉ። በሦስተኛው ቦታ አዲስ ብሎን ገብቷል። ከላይ በረንዳው ላይ ማንም ስላልነበረ በልኩ ነው ያጠበቅሁት።

እንግዲህ አደራ። ቤቷ ጉለሌ ስለሆነ ሩቅ አይደለም፤ ደብዳቤውን ልትሰጥሽ ስትመጣ በር ላይ አታቁሚያት። ሽቶው ያንቺ ነው። ደብተሩና ባለ ቀለም እርሳሱ የሕይወት ነው፤ እጅሽን አታስገቢበት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከቻልሽ አብረሻቸው ሂጂና ልጅቷ የማንን እጅ ይዛ እንደገባች ጻፊልኝ። ይህን ካላወቅሁ ሥራ አልሠራም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ፖስታው ስላልታሸገ አትገረሚ። ሙጫ አጥቼ አይደለም፤ በመንገደኛ እጅ የሚላክ ደብዳቤ ሳይታሸግ መሰጠቱ ወጉ ነው፤ ላመኑት ሰው የታሸገ አይሰጥም። ካይሮ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች አሉ። ሸዋረገድ ደግሞ ፊደል ያለበት ነገር እጇ ገብቶ ሳታነብ የምታስቀምጥ ሴት አይደለችም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ ታነባለች። እንግዲህ ምን ላድርግ? ወረቀቱ ተጨማዶ ብታገኚው አትቆጪ። መልስ ስትጽፊልኝም ከግርጌ ለሌላ ሰው መልስ የሚበቃ ቦታ ተይ። ባዶውን ቢቀርም ላኪው፤ ቢያንስ ቦታው እንደተተወ አውቃለሁ።

አዲሱን ዓመት በጤና፣ በሳቅና በጥጋብ ያግባችሁ። የእናትሽን ጉልበት ይጠግንልኝ፤ ላንቺም እንዳንቺ የማይከራከር ባል ይስጥሽ። መንገደኛዬንም በሰላም ከልጇ ደጃፍ ያድርስልኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ፣
አጎትሽ