ለቃጭል የቆመችው ባዝራ

ሰኞ፣ ጥር 12

አልተሸነፈችም። ቆመች። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይህን ዛሬ የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ለወረቀት እናገራለሁ።

በሌላው ዓመት ሚካኤል ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ሃያ ፈረስ ይሰለፍ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ብቻ፤ የግራዝማች ደምሰው ጥቁር ፈረስና የእኛ ባዝራ ዳሚት። ሌሎቹን ድርቁ ጨረሳቸው። ያሸነፈ ፈረስ የደብሩን ጨፌ እስከ ክረምት ብቻውን ይግጣል። ድሮ ይህ የክብር ነገር ነበር፤ አሁን የነፍስ ነው። የዳሚትን የጎን አጥንት ከደጃፍ ቆሜ መቁጠር እችላለሁ። ከዚያ ጨፌ ውጭ ደግሞ በዚህ አገር ሣር የለም።

አስጀማሪው አባ ወርቄ ኩታቸውን መሬት ሲጥሉ፣ በዚያችው ቅጽበት ከፈረሶቹ ኋላ ቃጭል ተንቃጨለ። ጥቁሩ ተፈተለከ። ዳሚት አንገቷን ደፍታ ቀጥ አለች። ጋላቢያችን ይመር ጎሰማት፣ ለመናት፤ ወይ ፍንክች። ስትነሳ ጥቁሩ ሜዳውን አጋምሶ ነበር። እንዲያም ሆኖ የቀደማት በአንድ ፈረስ ቁመት ነው። በዚያ በከሳ ገላዋ!

ሰው ሳቀ። “የመሪጌታ ፈረስ ቅዳሴ ቆመች” አለ አንዱ። መልኩን ይዣለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

አባባ መሪጌታ ነበሩ። ዳሚት ውርንጭላ ሳለች ቃጭል እየመቱ ገብስ በእጃቸው ያበሏት ነበር፤ ቃጭል ስትሰማ እንድትቆም። ሰባት ጥምቀት ታቦቱን አጅባለች። ቃጭሉ ሲሰማ ታቦቱ እስኪያልፍ ዝንብ እንኳ አታባርርም። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አባባ አምና በተስቦ ሞቱ፤ ገብሱም አብሯቸው ቀረ። ልማዱ ግን አልቀረም።

ቃጭሉን ይዞ የነበረው ዲያቆን ገብሬ ነው። የግራዝማች የእህት ልጅ።

አሁን የራሴን ጥፋት። ይመር እስላም ነው፤ ከአቀስታ በኩል የመጣውም አምና ነው። ታቦት አጅቦ አያውቅም፤ የዳሚትን ልማድ ከየት ይወቀው? አልነገርኩትም። ግልቢያው የሚጀመረው ታቦት ከገባ በኋላ ስለሆነ ቃጭል አይኖርም አልኩ። ሰው በቃጭል ያታልላል ብዬ አላሰብኩም። ይህን እዚህ እጽፋለሁ፤ ከነግራዝማች ፊት ግን ከአፌ አይወጣም።

ዛሬ ለይመር ነገርኩት። የዳሚትን ጆሮ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ “ብትነግሪኝ ጆሮዋን በጥጥ እደፍንላት ነበር” አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ “አብሽሪ፣ አላህ አለ።” እሱ ሲያጽናናኝ ይብስ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

አቤት ብዬ ሽማግሌዎቹ ነገ ሊሰሙን ነው። አጎቴ ስለ እኔ ይናገር ተባለ፤ ሴት በሽማግሌ ፊት አትሟገትም። አጎቴ የግራዝማችን መሬት ያርሳል። ንጉሡ ከወረዱ አራት ወር ሆነ፤ ሬዲዮው ሌላ አገር ያወራል። አጎቴ ግን ዛሬም ግራዝማች ሲያልፉ አጥር ተጠግቶ ይቆማል። “ተዪው ልጄ፣ ፈረስ ነው” አለኝ።

አልተወውም። አምና ደሴ ላይ ለተራቡት ሰልፍ የወጣን ጊዜ ከትምህርት ቤት ሲያባርሩኝ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አሁን የክፍል ጓደኞቼ ዘመቻ ላይ ናቸው፤ የእኔ ስም ከመዝገብ ስለተፋቀ እዚያም የለሁም። አንድ ጊዜ አፌን ዘግተውብኛል። ይበቃል።

እናቴ በሽማግሌ ፊት የተሟገተች ልጅ ባል አታገኝም አለች። ፈረሷ ትዳን እንጂ ባሉ ይቅር አልኳት። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ነገ የማልረሳው፦ አለመጮህ። አለማልቀስ፤ በተለይ አለማልቀስ። ግራዝማችን “እርስዎ” ማለት። ስለ ይመር ካልጠየቁ አለማንሳት።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ከደጀ ሰላሙ ፊት ተቀመጡ፤ ሦስት ሽማግሌ፣ ሰብሳቢው አባ ወርቄ። ማን ይናገራል ሲሉ አጎቴ መሬት መሬት አየ። ተነሳሁ። ግራዝማች “ደሴ ያስተማረችሽ አፍ ነው እንጂ ፊደል አይደለም” አሉኝ። ፊደሉንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ፍርዱን እርስዎ ከፈቀዱ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳል መሳይ ሳቅ ሳቀ።

የሆነውን ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እጄ ግን ቀሚሴን ጨብጦ ነበር። ቀሚስ ጥሩ ነገር ነው።

አባ ወርቄ በለሆሳስ ተናገሩ። “ልጄ፣ ፈረሲቱ ለታቦት ክብር ቆመች። ለታቦት መቆምን እንዴት በደል ነው ብለን እንፍረድ?”

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። የመጣልኝ አባባ ታቦት ሲገባ ከዳሚት ወርደው ልጓሟን የሚያላሉበት ነገር ነው፤ ታቦት መንበሩ ላይ ከገባ እሷም ነፃ ናት።

“አባ፣ ታቦቱ ገብቶ ነበር” አልኩ። “ቃጭሉ ለማን ተመታ? እሷ ለታቦት ቆመች ካልን፣ ዲያቆኑ ታቦት አስመስሎ ያሳለፈው የግራዝማችን ፈረስ ነው።”

ማንም አልሳቀም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማተቡ።

ገብሬ ቃጭሉን ወደ ዕቃ ቤት ስወስድ ራሱ ጮኸ አለ። አባ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሂድና በዚህ ማል አሉት። አጎቱን አየ። ግራዝማች “ማል” አሉት። ገብሬ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመልሶ “ለፈረስ ብዬ ድቁናዬን አላፈርስም” አለ። የዛን ጊዜ አዘንኩለት። ትንሽ።

ፍርዱ፦ አጀማመሩ ቀና አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ይደገም። ያልመጣ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

ቤት ስደርስ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሜዳው ላይ እኛ ብቻ ነበርን፤ እኔ፣ ይመር፣ ዳሚት፣ ሽማግሌዎቹ። ግራዝማች አልመጡም። ጨፌው የአባቶቼ ነው፣ ፈረሴም ከሰኞ ጀምሮ ገብቶበታል የሚል መልእክት ላኩ። አባ ወርቄ ተሸንፈዋል ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ ኩታቸውን አጣፍተው ተነሡ። ታዲያ ጥቁሩን ማን ያወጣል አልኳቸው። ፍርዱ የእኛ ነው፣ ማስፈጸሙ የመንግሥት ነው አሉኝ። የትኛው መንግሥት?

ስለዚህ ራሴ ወሰድኳት። የጨፌውን በር አጣና አንድ በአንድ አወረድኩ፤ ይመር ዳሚትን ሳበ። የጨፌው ጠባቂ አሮጌ ዲሞትፈር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። “ግቢ አላልኩም” አለ። ትንሽ ቆይቶ “አላየሁምም” ብሎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ጥቁሩ ቀና ብሎ አያትና ወደ ሣሩ ተመለሰ። እሱ ከማንም ጋር ጠብ የለውም።

ይህን የምጽፈው ከጨፌው መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ይመር ውኃ ሊቀዳ ወርዷል። ዳሚት ሣሩን ከሥሩ ስትነጨው ይሰማኛል፤ ከዚህ የሚጥም ድምፅ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል።

ከግራዝማች ቤት ሁለት ሰዎች ቁልቁል እየወረዱ ነው። ዱላ ይዘዋል። አንደኛው በአረማመዱ አጎቴ ይመስላል። ከእኔ ጋር ሊቆም ይሁን እኔን ሊያወጣ፣ ከዚህ ርቀት አይለይም።

እሷ እስክትጠግብ አልነሳም።