ካራማራ ላይ የፈለግኳት ግመል

ይድረስ አዝላ ላሳደገችኝ ለእትዬ ዘርፈሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ብርዱስ እንዴት አድርጎ ያዘሽ? ከሁሉ በላይ ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጅሽ ነቢዩ ባለፈው የላከው ወረቀት፣ ጎንደር ያየሽ ሐኪም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነገረን ይላል። ከዚያ ወዲህ አንቺን ሳላስብ መርፌ ላይ ክር አስገብቼ አላውቅም። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንደ ጅግጅጋ ንፋስ ነኝ፤ ማንም አላቆመኝም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ነቢዩ፣ እዚህ ላይ ቆም በልና እናትህ በደንብ ትስማው፤ የምመካበትንም እየዘለልክ እንዳታነብ። ጸሐፊ አልለመንኩም። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ከነዘሩ ጨረስኩት። አስተማሪያችን ሔርሜላ ደረጃ አንሰጥም ትላለች እንጂ፣ ደረጃ ቢሰጥ ማን አንደኛ እንደሚወጣ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። የእጅ ጽሑፍህ የልብስ ዝምዝማት ይመስላል ብላኛለች፤ እኔ ምስጋና ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ኔትወርክ ተራራችሁ ላይ መውጣት ስላቃተው ያለን ወረቀት ነው።

ዋናው ወሬ ይኸውልሽ፤ ልመጣ ነው። ጥምቀትን እዚህ ውዬ እነሣለሁ። እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ፣ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ በጭነት መኪና፣ ከዚያ የቧሂትን ተራራ በእግሬ ተሻግሬ፣ መሸሃ ወንዝ ወርጄ፣ እንደገና ሽቅብ ወደ እናንተ። አጎታችን ተክለማርያም ነፍሱን ይማረውና፣ ለውትድርና እዚህ ሲመደብ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ያወረደኝ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲርቅ፣ ዘመኑ ሲከፋ አልረገጥኩትም። አንቺ የምታውቂው ፊት የልጅ ፊት ነው። ብርሃንሽ ሳያልቅ ይህን ሽበታም ፊቴን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ፎቶ ልከህልኝ የለም ወይ ትዪ ይሆናል። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ እኔን አይመስልም፤ እኔ ከእሱ አምራለሁ።

ግን ቧሂት ቀልድ አያውቅም። ሔርሜላ ከመጽሐፍ አንብባ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ዝቅ ያለ አገር የለመደ ሰው በአንዴ ልውጣ ካለ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ይገድለዋል። ደባርቅም ጨነቅም አረፍ እያልክ፣ ሳምባህን እያስለመድክ ውጣ፤ ብቻህንም እንዳትሄድ አለችኝ። አጃቢማ ሞልቶ ነበር። በረንዳዬ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ አብሬህ እሄዳለሁ ይለኝ ነበር። ፋኑኤል የሚባል የቢሮ ሠራተኛማ ካርታውን በስልኩ አውጥቶ የት እንደምናድር ሁሉ መድቦልኝ ነበር፤ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ስለዚህ ዝግጅቱን ብቻዬን ያዝኩት። የጀርባ ቦርሳውን ከጭነት መኪና ሸራ ሰፋሁት፤ እኔ ብወድቅ እሱ አይቀደድም። ለሌሊቱ ውርጭ ሁለት ብርድ ልብስ ገጥሜ፣ መሃሉን ጥጥ ሞልቼ፣ እስከ አንገቴ የምገባበት መኝታ ሠራሁ። ልኬን ለማየት በረንዳው ላይ ገብቼበት ተጋድሜ ሳለሁ፣ ሻይ የምታፈላው ጎረቤቴ ሱዕዲ አየችኝና ሞቶ ገንዘውታል ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ብድግ ብዬ ስቀመጥ ደግሞ የሮጡ አሉ። ቆሜ ስንት ሰው እንዳለቀሰ ለማየት ሞከርኩ፤ ሱዕዲ ብቻ ነበረች፣ እሷም ከድንጋጤ ነው።

ከዚያ በየማለዳው አሸዋ የሞላ ቦርሳ ተሸክሜ ከከተማው በላይ ያለውን የካራማራን ተራራ መውጣት ጀመርኩ። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር እኮ፣ ርግጫው ቢደመር ሰሜን ተራሮች ደርሶ ተመልሷል። የመጀመሪያው ቀን ግን ግማሽ ሳልደርስ ተዘረፈጥኩ። ኋላ ትንፋሹን ለመድኩት፤ ያልለመድኩት ዝምታውን ነው። ላይ ቁጭ ብዬ ከተማውን ቁልቁል ሳይ፣ ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ሥር አሥራት ዛሬ የት ገባ የሚል ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሱሪውን እንዳሳጥርለት ከሰጠኝ ሰው በቀር አላገኘሁም።

እዚህ አገር ደግሞ ከብት ሳይነዳ ተራራ ለተራራ የሚንከራተት ሰው ካለ፣ ግመል ጠፍቶበታል ማለት ነው። አንድ ቀን ግመል ጠባቂዎች አገኙኝና ምን ጠፋብህ አሉኝ። ሳምባዬን አየር እያስለመድኩ ነው ብል እብድ ነው ይሉኛል ብዬ፣ ግመል አልኳቸው። ምን ዓይነት ግመል አሉኝ። አፌን ታውቂው የለ፤ ነጭ፣ ሴት፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ድምፄን ከሩቅ የምትለይ አልኩ። አልሳቁም። ወተት አጠጡኝ፣ መረቁኝ፣ ያላዩበትን አቅጣጫ ሁሉ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማገኘው ሁሉ ቆም እያለ ግመሏን ይጠይቀኛል። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

እዚህ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ከብት ጠፋ። የኔም ግመል ከአፍ አፍ እየዞረች ራቅ ያለው ጉናጋዶ የሚባል አገር ድረስ ሄደች። ከዕለታት አንድ ቀን አዴር ጃማ በረንዳዬ ላይ መጡ። አዴር ማለት አጎት ነው፤ ሽማግሌ እንዲህ ይጠራል። ኮታቸውን የምጠግንላቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ግመልህ ተገኘች አሉኝ። ነጭ ናት፣ የግራ ጆሮዋ ተቆርጧል፣ ጉናጋዶ ሻርማርኬ የሚባል ሰው ይዞ እያጠጣልህ ነው አሉኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። እውነቱን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ስል ፊታቸው ጠቆረ። የጠፋ ግመል ያገኘ ሰው ከራሱ ከብት እኩል ይጠብቀዋል፤ ሻርማርኬም አንተን ባለቤት ነው ብሎ እውነተኛውን ባለቤት መፈለጉን ትቷል፤ በል ተነሥ፣ በአፍህ የተናገርከውን በአፍህ መልስ አሉኝ።

አብረን ጉናጋዶ ወረድን። ግመሏ አየችኝና ፊቷን አዞረች። የኔ ሱማልኛ ለቀልድ እንጂ ለይቅርታ ስለማይበቃ አዴር ጃማ አስተረጎሙልኝ። ሻርማርኬ ግን፣ ግመል ካልነበረች ያን ሁሉ ማለዳ ምን ስትፈልግ ነበር አለኝ። ስለ አንቺ ነገርኩት። ስለ ዓይንሽ፣ ስለ ቧሂት፣ ስለ መንገዱ። ሻርማርኬ ወደ አዴር ጃማ ዞሮ ይህ ሰው እህት አለው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ኮታቸውን ስጠግን ኖሬ፣ እትዬ።

ሻርማርኬም እንዲህ አለኝ፦ "እህቴን ፍለጋ ልሄድ ነው ብትል ኖሮ ይሄኔ አገሩ ሁሉ ይሰማልህ ነበር። ግመል ያልከው ለምንድን ነው?"

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። የዚህን ግን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፈለግኩት፤ ይኸው አሁንም እየጻፍኩ አላገኘሁትም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጅግጅጋ ገባ። አሁን ካራማራ ላይ የማገኛቸው ግመሏን ትተው እህትህስ ይሉኛል። ገና ነኝ እላለሁ። አላህ ያገናኛችሁ ይላሉ። ሱዕዲም ሻይ ስትቀዳልኝ ዘርፈሽ እንዴት ናት ትላለች። ስምሽን ከሰው አፍ መስማት እንዲህ ሆድ ያባባል ብዬ አላውቅም ነበር። ማታ በሬን ስዘጋ ግን ያው ብቻዬን ነኝ። ስምሽን የሚጠራው በዛ እንጂ፣ እናታችን እንዴት ትስቅ እንደነበር የሚያውቅ እዚህ ማን አለ? እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ስመጣ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።

ትናንት ተራራውን ሳላርፍ ወጣሁት። አንዴ ብቻ ቆምኩ፤ እሱም ጫማዬን ለማሰር ነው ብለሽ እመኚልኝ።

እንግዲህ ሰላምታ። የነቢዩን ሚስት ናዝሬትን ሰላም በዪልኝ፤ ለአማቷ ዓይን ስለሆነች እግሯን እስማለሁ። ገና ያላየኋትን ልጃቸውን ትንሿን ቀለመወርቅን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የአያትሽ ወንድም ቆንጆ ነው በያት፣ ደርሳ እስክትፈርድ ድረስ ትመን። ጎረቤትሽ እማማ ጥሩነሽ በሕይወት ካሉ ያሥራት እግር ሊመጣ ነው በያቸው፤ አጥራቸውን የጣሰው እሱ። አዴር ጃማና ሱዕዲም ሰላም ብለውሻል።

ነቢዩ፣ አንተን መጨረሻ ያስቀመጥኩህ ሥራ ስላለህ ነው። ድንበር ላይ ያለችው ቶጎጫሌ ሄጄ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ኮት ስመርጥ፣ ሻጩ ወፍራም ጥቁር አወጣልኝና ለተራራ የሚሆንህ ይኼ ነው አለኝ። እኔ ቀዩን ያዝኩ። ሳሳ ይላል፣ የሴትም ነው አለኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል እናትህን ደጅ አውጥተህ ፊቷን ወደ መሸሃ አድርገህ አስቀምጥልኝ።

እትዬ፣ ቁልቁለቱ ላይ ግራጫ ሆኖ የሚታይሽ ሁሉ ድንጋይ ነው። ቀይ ነገር እየቆመ እየቆመ ሽቅብ ሲመጣ ካየሽ እኔ ነኝ። ቁጭ ብሎ ቢቆይም አትደንግጪ፤ ሳምባዬ ነው፣ ይነሣል። ብቻ ዓይንሽን እንዳታነሺብኝ።

ወንድምሽ አሥራት
ጅግጅጋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.